ቤያ የሌለችባት ስንዝር

የስምንት ዓመት ልጅ ዓይኗን አፍጥጣ ሰው ታታልላለች ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምን ልታገኝበት? ሌባ እንኳን የሚሰርቀው ለጥቅሙ ነው። የወንድሜ ልጅ ቤያ ግን በቃል ጽሕፈት መካከል እርሳሷን ታቆማለች፣ ሁለት ሦስት ቃል ያመልጣታል፣ ዜሮ ታገኛለች፣ ትቀጣለች፣ በማግስቱም ያንኑ ትደግማለች። ይህን ተንኮል ነው የሚሉት ደግሞ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ያልተማረ ሰው ቢሆን ቢያንስ ያፍር ነበር።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው የቤያ መምህርት ማዳም ሲሃም ወንድሜን ለምጀድን ወደ ትምህርት ቤት ጠራችው። ለምጀድ የወይራ ዘይት መጭመቂያ አለው፤ ሠላሳ ሠራተኛ ላይ ሲጮኽ ድምፁ የቱኒዚያዋን ከተማችንን ስፋክስን አልፎ ይሰማል፤ የትምህርት ቤት በር ላይ ሲደርስ ግን ዛሬም የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ሚስቱ ፋተን የመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ላይ ነበረች፤ ሐኪሟ ከአልጋ አትነሺ ብሏታል። ስለዚህ እኔን ይዞ ሄደ። እኔ ጠበቃ ነኝ። ይዞኝ የሚሄደው ለመካሰስ ሲያስብ ብቻ ነው።

ማዳም ሲሃም ቀጥ ብላ የምትቀመጥ፣ ሻርፗን በደንብ አስራ፣ ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ከራሷ ጋር ትይዩ አድርጋ የምታስቀምጥ ሴት ናት። ማስመሪያውን ሳየው ነው ነገር የጠረጠርኩት።

«ሲ ለምጀድ፣ ልጅዎ ትንቀኛለች» አለች፣ በ«ሲ» አክብራ እየጠራችው።

«ቤያ? ማዳም፣ ቤያ እኮ ድመት እንኳን አትንቅም።»

«ስሟን እጠራለሁ፤ አፍጥጣ ታየኛለች። ደግሜ እጠራለሁ፤ ሽፋሽፍቷን ታርገበግብብኛለች፣ ልክ እንደዚህ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መጻፏን ትቀጥላለች። ክፍሉ ይስቃል። እኔ ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ግን አላየሁም።»

«ምናልባት ሐሳብ ይዟት ይሆናል» አልኩ።

«ሐሳብ ጊዜ ይመርጣል እንዴ ለላ ነዚሃ?» ወደ እኔ ዞረች። «ሥዕል ስንሥል አታደርገውም። ሒሳብ ስንሠራ እምብዛም አታደርገውም። ጠዋት ክፍሉ ቆሞ ግጥሙን በአንድ ድምፅ ካለ በኋላ፣ ተቀምጠን የቃል ጽሕፈት ስንጀምር፣ ያኔ ነው። ሁልጊዜ ያኔ ነው። የማታውቅ ልጅ ሰዓት ትመርጣለች?»

ጥሩ መከራከሪያ ነበር። ከተቃራኒ ወገን የሚመጣ ጥሩ መከራከሪያ ደግሞ ያናድደኛል።

ከዚያ ዋናውን አወጣችው። በተርሙ መጨረሻ፣ ከዒድ በኋላ፣ የመምህራን ጉባኤ ይሰበሰባል። ቤያ በዚህ ከቀጠለች በሌላ ትምህርት ቤት ወዳለው ልዩ ክፍል ትዛወራለች። ያን ክፍል ስፋክስ ውስጥ የማያውቀው የለም። የገባ ልጅ እስኪያድግ ድረስ ወረቀት ሲቆርጥና ሲለጥፍ ይኖራል፤ ሲያድግ ደግሞ ሰፈሩ በስሙ ሳይሆን በክፍሉ ይጠራዋል።

መኪና ውስጥ ቤያን ከኋላ አስቀምጬ መመርመር ጀመርኩ።

«ትመታሻለች?»

«አትመታኝም።»

«ትጮኽብሻለች?»

«ሁሉም ይጮኻል አክስቴ። አንቺም ትጮኺያለሽ።»

«ታዲያ ለምንድን ነው በመካከል የምታቆሚው?»

«አላቆምም» አለች። ጥፍሯን ትነክሳለች። «እሷ ናት የምትዘለው። ‹ዓሣ አጥማጁ› ትልና ‹ወደ ቤቱ› ትላለች። በመካከሉ የለም። ዝለሉ ሳትል ትዘላለች።»

ወንድሜ በመስተዋቱ አየኝ። እኔም አየሁት። አገኘኋት አልኩ በልቤ። ልጅቷን ለማጥመድ ሆን ብላ ቃል የምትዘል መምህርት! የማይዋጥልኝ ነገር ቢሆንም ክስ ይሆናል። በማግስቱ የቤያን የክፍል ጓደኛ የጎረቤታችንን ልጅ ደብተሯን ጠየቅኳት። ዓሣ አጥማጁ መረቡን በትከሻው አድርጎ፣ ባሕሩን ተሰናብቶ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንድም ቃል አልጎደለበትም። ማዳም ሲሃም ምንም አልዘለለችም።

ያኔ ነው ወንድሜ በልጁ ላይ የዞረው።

*

ለምጀድ የዘይት ነጋዴ ነው፤ በቆርቆሮ የመጣለትን ዘይት ሁሉ ተቀላቅሏል ብሎ ነው የሚጀምረው። ልጁንም እንደዚያው ይቀምሳት ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ መጥቶ፣ ወንበር ስቦ፣ ድል እንዳደረገ ሰው ተቀመጠ።

«ሰው እንዴት እንደሚፈተን ዛሬ አስተምርሻለሁ» አለኝ። «ትናንት ምሳ ላይ ሾርባዋን ስትጠጣ ፈዘዘች። ማንኪያው በአየር ላይ ቀረ። እኔ ድምፄን ሳልለውጥ ‹ኪሴ ውስጥ ቸኮላት አለ፤ የፈለገ ይውሰድ› አልኩ።»

«እሺ?»

«ንቅንቅ አላለችም! ከዚያ ማንኪያዋን ወደ አፏ ወስዳ መጠጣቷን ቀጠለች። እኔም ቸኮላቱን አወጣሁና ፊቷ በላሁት። ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹ባባ፣ ለእኔስ?› ‹ቅድም ውሰጂ አላልኩሽም?› ብላት ‹አላልክም› አትልም መሰለሽ! ፊት ለፊቴ! ነዚሃ፣ ቸኮላቱን ትታ ውሸቷን መረጠች። እንዲህ ያለ እልህ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ፣ ሳሎናችሁ ውስጥ፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቸኮላት ሲበላ።»

«ትቀልጃለሽ። ልጄ ውሸታም ሆናለች እያልኩሽ ነው።»

ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። አባት ልጁን ሲጠረጥር ከሚያሳየው ፊት የከፋ ነገር በፍርድ ቤት አላየሁም። እዚያው ስልክ አንስቼ ከአንድ የነርቭ ሐኪም ጋር ቀጠሮ ያዝኩ። ሐኪሙ የአንጎል ሞገድ ምርመራ አዘዘ።

ቀጠሮው ረመዳን ውስጥ ዋለ። እኔ ችሎት ነበረብኝ፣ ለምጀድ ዘይት ሊያስጭን ነበር፣ ፋተን አልጋ ላይ ናት። ስለዚህ ቤያን የወሰደቻት እናታችን ለላ ሸሪፋ ናት። ያ ቀን ደግሞ የቤያ የመጀመሪያ ጾም ነበር። እናቴ ለዚህ ቀን ወርቅማ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ካሰፋች ቆይታለች። ማታ የማፍጠሪያው መድፍ ሲተኮስ ቤያ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጇ ሒና ተቀብቶ፣ በትልቁ ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ ተቀመጠች፤ የመጀመሪያዋን ተምር ያጎረሳት አባቷ ነው። ጎረቤት ሁሉ እየገባ ሳማት። ፋተን ከአልጋዋ ሆና አለቀሰች። ምርመራው እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ብቻ እናቴ በመካከል «ሽቦ ሰክተውባት ነበር፣ እኔን ይድፋኝ፤ ደግሞ እንዴት ያለ ጥሩ ሰውዬ ነው የሰካው!» ማለቷ ትዝ ይለኛል።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ንጹሕ ነው። ሐኪሙ ለምጀድን «አንጎሏ ምንም የለበትም፤ ቤት ውስጥ ያለውን ነገር ብታዩ ይሻላል» አለው።

እንግዲህ መጠራጠር ማለት ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የነበረው ነው። ማዳም ሲሃም ውጤቱን ስትሰማ አባቷ ቤት ውስጥ የሚያደርጋት ነገር አለ ብላ ጠረጠረች፤ ልጅቷን ለብቻዋ ጠርታ «ባባ ይመታሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ለምጀድ ይህን ሲሰማ መምህርቷ ልጁን በቤተሰቧ ላይ እያነሣሣች ነው አለ። እናቴ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለችውን ጎረቤት ዓይን ጠረጠረች፤ የቤያ ትራስ ሥር ዓይን እንዲመልስ የደረቀ የዓሣ ጭራ አኖረች። እኔ ክሊኒኩን ጠረጠርኩ። የአንዱን ልጅ ምርመራ ለሌላው ሰጥተው ቢሆንስ? የክስ አቤቱታ ማርቀቅ ጀመርኩ፤ ጥሩ አድርጌ ነበር ያረቀቅኩት። ቤያ ደግሞ ሁላችንንም ጠረጠረችን። ሰው ሲያናግራት ከመመለሷ በፊት አፉን ታያለች፤ አሁን የተናገርከው የመጀመሪያው ነው ወይስ ቅድም የሆነ ነገር ብለሃል የምትል ይመስላል። ስትጠየቅ «አዎ» ማለትን ልማድ አደረገችው። ምን እንደተጠየቀች ሳታውቅ «አዎ» ትላለች።

«አየሽ?» ይላል ለምጀድ። «አሁንማ ማመን ጀመረች።»

*

ዒድ ጠዋት እናቴ ቤት ተሰበሰብን። እንደ ደንቡ ጨው ያለው ዓሣና ማባያው ሻርሙላ ቀረበ፤ የሽንኩርቱና የዘቢቡ ሽታ ደረጃው ድረስ ወርዷል። ወንዶቹ ከሶላት ተመልሰው በሉና ዘመድ ሊጠይቁ ወጡ። እናቴ ሻይ የምትጥደው እንደ ድሮው በከሰል ነው፤ ጋዝ ሻዩን ያሳብደዋል ትላለች። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ቤያን በአዲስ ልብሷ ከሰሉ ፊት አንበረከከቻት።

«ንፊ የኔ እመቤት። ማራገቢያውን እንጃ የት እንዳኖርኩት። ንፊ፣ በደንብ ንፊ።»

ቤያ ነፋች። ጉንጯ ይወጠራል፣ ይሟሽሻል። ከሰሉ ቀላ። ደጋግማ ነፋች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ስለ ቀሚሷ የሆነ ነገር እያልኳት ነበር። ድንገት ትንፋሿ ቆመ ማለት አልችልም፤ መንፋቷ ቆመ። ከንፈሯ ክፍት እንደሆነ ነው። ዓይኗ ከሰሉን ያያል፣ ግን አያይም። ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል። ከከሰሉ አንድ ፍንጣሪ ተነሥቶ አዲሱ ቀሚሷ ጉልበት ላይ አረፈ፤ አላየችውም። ልብሱ ሲጠቁር፣ ሲጨስ አላየችውም። በመዳፌ መትቼ አጠፋሁት። ያኔም አላየችኝም።

ከዚያ ተመለሰች። አፏን አሹላ መንፋቷን ቀጠለች፤ አንድም ነገር እንዳልጎደለ።

«ቤያ፣ ምን አደረግኩሽ?»

አፌን አየች። «አዎ» አለች።

«አዎ አይደለም መልሱ። ጉልበትሽን ምን ነካው?»

ወደ ታች አይታ የተቃጠለውን ቀሚስ ስታይ ጮኸች፤ ጩኸቷ የድንጋጤ ነው። በሕይወቴ ብዙ ሐሰተኛ ምስክር ሰምቻለሁ። ያ ጩኸት ሐሰተኛ አልነበረም።

«አይ እሷ እኮ መንፋት አይሆንላትም» አለች እናቴ፣ ሻይ ቅጠሉን እየመጠነች። «ድሮም ጥፋቱ የኔ ነው፤ መንፋት እንደማይስማማት እያወቅኩ። ያ የሽቦው ሰውዬም ‹ንፊ› እያለ ሲያስጨንቃት ነበር።»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ያ ያልኩሽ ጥሩ ሰው ነዋ። ሽቦውን ሰክቶ ሲያበቃ የወረቀት አበባ ነገር ፊቷ አቁሞ ‹በኃይል ንፊ፣ እስኪበቃሽ ንፊ› ይላታል። ከንፈሯ ደርቋል፤ የመጀመሪያ ጾሟ ነው። ‹አንተ ሰው፣ አላህን አትፈራም? ጾመኛ ልጅ ናት! ተዋት› አልኩት። ምን ያድርግ፣ የሰው ልጅ ነው፣ እሱም ጾመኛ ነው። ‹እሺ ሐጃ፣ ይቅርላት› አለ። አላህ ይስጠው።»

ሻዩ መፍላት ጀመረ።

«ይቅርላት አለ?»

«ይቅርላት አለ። ምን ሆነሻል፣ ፊትሽ ገረጣ እኮ።»

ክፍሉ ቆሞ ግጥሙን በአንድ ድምፅ ይላል፤ ሠላሳ ልጅ በሙሉ ሳንባው። ከዚያ ቁጭ ብሎ የቃል ጽሕፈት። ከሰሉ። የወረቀት አበባው። ማዳም ሲሃም ልጅቷን ለማስፈረድ ያቀረበችው ጥሩ መከራከሪያ ራሱ መልሱን ይዞ ኖሯል። እኔ ደግሞ ከመምህርት እስከ ክሊኒክ ስጠረጥር፣ ያልጠረጠርኳት አንድ ሰው ብትኖር ፊቴ ተቀምጣ ሻይ የምታፈላው እናቴ ነበረች።

እናቴን መክሰስ አይቻልም። በርኅራኄ የተሠራ ጥፋት ላይ የትኛውም ሕግ አንቀጽ የለውም፤ ቢኖረው ኖሮ ረመዳን ላይ ግማሹ ከተማ ይታሰር ነበር።

*

ከዒዱ ዕረፍት በኋላ ክሊኒኩ በተከፈተበት ቀን የሽቦውን ሰውዬ፣ ሲ ለስዓድን፣ ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ያዝኩት። ያረቀቅኩት አቤቱታ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«የመንፋቱ ነገር አስፈላጊ ነው ወይስ ጨዋታ ነው?» አልኩት።

«ጨዋታ አይደለም። ልጅን ለአፍታ የሚያፈዝ የሚጥል በሽታ አለ፤ ያለበት ልጅ ትንፋሽ ሲያበዛ ነው በብዛት የሚመጣበት። እሱን ለማየት ነው የምናስነፋው።»

«እና ያልነፋች ልጅ?»

ሰውየው ያኔ አስታወሰኝ፤ ወይም እናቴን አስታወሰ። ካፖርቱን ግማሽ እንዳወለቀ ቆመ።

«ሐጃዋ... ጾመኛ ናት አሉኝ። ትንሽ ልጅ ናት፣ አፏ ደርቋል። በቀሪው ይታያል ብዬ አሰብኩ።»

«ለሐኪሙስ ነገርከው?»

ግማሽ ያወለቀውን ካፖርት መልሶ ለበሰው።

«አልነገርከውም። ሐኪሙ ንጹሕ ነው አለ፤ ቤታችሁን ፈትሹ አለ። አባቷ ውሸታም ናት ብሎ ዓይኗን ማየት ትቷል። ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ መምህራን ተሰብስበው ዕጣዋን ሊወስኑ ነው። ይህ ሁሉ አንተ ስላዘንክላት ነው።»

«እናትሽም አዝነውላት ነበር» አለ፤ ቆፍጠን ብሎ። «ከእኔ ጋር ብቻ አትጣዪ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አምጫት። ሰው ከፈለግሽም ይዘሽ ነይ። የማስነፋትን እናንተው ቁጠሩ።»

ሰው ይዤ መጣሁ። ወንድሜን ከመጭመቂያው ጎትቼ አወጣሁት። ማዳም ሲሃምን ደግሞ ቤቷ ሄጄ ለመንኩ፤ መለመን ከተባለ።

«ጠበቃ ሲጋብዘኝ ደስ አይለኝም» አለች በሩን ግማሽ ከፍታ።

«እኔም መምህር ሲያስተምረኝ።»

«ተመካክራችሁ ልጅቷን ብታስተውኗትስ? በምን አውቃለሁ?»

«ፊቷን ልናስተውነው እንችል ይሆናል። ጭንቅላቷ ውስጥ ያለው ግን ለጠበቃም አይታዘዝም። ይምጡና ይዩ። ውሸት ከሆነ ጉባኤው ላይ እኔው ቆሜ እመሰክርብዎት... እመሰክርልዎታለሁ።»

ሳቀች መሰለኝ። ሻርፗን አሰረችና መጣች።

*

ቤያ ተጋደመች። ሲ ለስዓድ ሽቦዎቹ የተሰፉበትን ቆብ ራሷ ላይ አጠበቀ። እሷ ጣሪያውን አላየችም፤ እኛን ነበር የምታየው፣ አንድ በአንድ። አባቷ ግድግዳ ተደግፏል። መምህርቷ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ በር አጠገብ ተቀምጣለች። ልጅቷ ፍርድ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ግን ምን ዓይነት ቦታ እንዳለች ገብቷታል።

የመሣሪያው ማያ ላይ የአንጎሏ ሞገድ መስመሮች ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ፤ ጠዋት ወደ ቀርቀና ደሴት በሚሄደው ጀልባ ላይ እንደሚታይ ባሕር ጥቃቅን እየነጠሩ፣ አንዱ ከሌላው ሳይስማማ።

ሲ ለስዓድ ሲነፉት የሚሽከረከረውን የወረቀት አበባ ፊቷ አቆመ። «አሁን ጾም የለም አይደል?»

«የለም።»

«እንግዲያው እንዳይቆም አድርገሽ ንፊው።»

አበባው ዞረ። ቀይና ቢጫው ተቀላቀለ። ቤያ ነፋች፣ ሳበች፣ ነፋች። ለምጀድ ሰዓቱን አየ። ማዳም ሲሃም ጉሮሮዋን ጠረገች። ብዙ ነፋች፤ ምንም አልመጣም። ለአንድ አፍታ፣ እውነት ለመናገር፣ እኔም ልጅቷን ጠረጠርኳት።

ከዚያ አበባው መዞሩን ቀነሰ። ቀዩ ከቢጫው ተለየ። ማያው ላይ መስመሮቹ በሙሉ፣ የግራውም የቀኙም፣ የፊቱም የኋላውም፣ በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሹል ጫፍ፣ ከኋላው ክብ ጉብታ፤ ሹል ጫፍ፣ ክብ ጉብታ፤ አንድ ሰው የሚያስጽፋቸው ይመስል እኩል፣ ረጃጅም፣ ሥርዓት የያዙ። ጤነኛ አንጎል ሥርዓት እንደማይወድ ያን ቀን አወቅኩ።

«በሰከንድ ሦስት ጫፍ» አለ ሲ ለስዓድ በሹክሹክታ። ከዚያ ድምፁን ወደ ልኩ መልሶ፣ ልክ ሰው እንደሚያናግር፣ «ግመል» አለ።

የቤያ ሽፋሽፍት ይርገበገባል። አበባው ቆሟል።

መስመሮቹ እንደተነሡ በአንድ ጊዜ ወደቁ። ጥቃቅኑ ሞገድ ተመለሰ። ቤያ ጉንጯን ወጥራ ነፋች፤ አበባው ዞረ።

«በቃ፣ ጎበዝ» አለ ሲ ለስዓድ። «እየነፋሽ ሳለ አንድ ቃል ነግሬሽ ነበር። ምን ነበር?»

ቤያ ወደ አባቷ አየች። ከዚያ ወደ መምህርቷ። «አዎ» ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት፤ ዘጋችው። ጥፊ እንደሚጠብቅ ሰው ትከሻዋን ሰበሰበች።

«ምንም አላልከኝም» አለች።

ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ለመምህርቷ አንድ፣ ለወንድሜ አንድ፤ ሁለቱም የሚያቆስሉ ነበሩ። ግን ለምጀድ ቀደመኝ።

«አላላትም» አለ።

«ሲ ለምጀድ፣ ሁላችንም እኮ ሰምተናል» አለች ማዳም ሲሃም።

«እኛማ እዚህ ነበርን።» ከግድግዳው ተላቀቀ። «እሷ የለችም ነበር። ለሌለ ሰው ምን ይባላል?»

ማዳም ሲሃም ከማያው ወደ ልጅቷ ዞረች። «ቤያ፣ እኔ ሳስጽፍ ቃል እዘላለሁ እንዴ?»

«ይዘላሉ» አለች ቤያ። «ዓሣ አጥማጁ ላይም ዘለዋል።»

«ከግጥሙ በኋላ?»

«ብዙ ጊዜ።»

ሴትየዋ ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንሥታ መሬት አኖረችው። ይቅርታ አላለችም፤ ይቅርታ የሚሉ ዓይነት አይደለችም። «ለጉባኤው ራሴ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«እኔም እመጣለሁ።»

«አታምኚኝም?»

«አላምንዎትም።»

«እኔም ብሆን አላምንም ነበር» አለችና ሻርፗን አስተካከለች። «በሁለት ሰዓት ይጀምራል።»

ሲ ለስዓድ መድኃኒት እንዳለው፣ ሐኪሙ ዛሬውኑ እንደሚያያት፣ አብዛኞቹ ልጆች ሲያድጉ እንደሚተዋቸው ለወንድሜ እየነገረው ነበር። ለምጀድ ራሱን ይነቀንቃል፤ የሰማ ግን አይመስለኝም። ቤያ ተነሥታ ተቀመጠች፤ ሽቦዎቹ ከራሷ እንደ ጅራት ተንጠልጥለዋል።

«ቃሉ ምን ነበር?» አለች።

«ግመል» አልኳት።

«አሁን ፈጥራችሁት ቢሆንስ?»

«አራት ሰው ሰምቷል የኔ ልጅ።»

«አራታችሁም ተስማምታችሁ ሊሆን ይችላል» አለች። «ባባ በቸኮላቱ እንዳደረገው።»

የኛ ቤት ልጅ መሆኗን ያኔ አልተጠራጠርኩም። ሲ ለስዓድ ማያውን ወደ እሷ አዞረውና መስመሮቹን ወደ ኋላ መልሶ፣ ረጃጅሞቹ የተሰለፉበት ቦታ ሲደርስ አቆማቸው።

«እዚህ ጋ ነው ‹ግመል› ያልኩሽ። እይው።»

ቤያ ተጠጋች። አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። «እዚህ ጋ የለሁም?»

«እዚህ ጋ የለሽም።»

«እዚህስ?» ከጎን ያሉትን ጥቃቅኖቹን ነካች።

«እዚያ አለሽ። እየነፋሽ ነው።»

አውራ ጣቷን መጀመሪያው ሹል ጫፍ ላይ ተከለች፤ ትንሿን ጣቷን የቻለችውን ያህል ዘረጋችና እጇን ገልብጣ እስከ መጨረሻው ለካች። አንድ ስንዝር ከትንሽ። አላመነችውም፤ እንደገና ከጫፍ ጀምራ ለካችው። ያው ነው።

እጇን ሳታነሣ ወደ አባቷ ዞረች።

«በዚች ነው ውሸታም ያልከኝ?»